ሌሊቱን የገዙት ሰዎች

ኒውዮርክ፣ ምዕራብ 52ኛ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 21። በዚህ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተራ የጡብ ግድግዳ የሚመስል በር ተሠርቶ ነበር። ክብደቱ ሁለት ቶን ተኩል ያህል ነው። እጀታ የለውም፤ ማጠፊያውም አይታይ። የሚከፈተው ቀጭን ረጅም ሽቦ በጡቦቹ መካከል ባለች አንዲት ቀዳዳ ሲገባ ብቻ ነው። ከበሩ ጀርባ ውስኪና ወይን በየመደርደሪያው ተጠቅጥቋል። ትልቁ ብልሃት ግን በሩ አልነበረም። ጓዳው የሚገኘው በቁጥር 21 ሥር ሳይሆን በጎረቤቱ በቁጥር 19 ሥር ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ መጠጥ መኖር አለመኖሩን ሲጠይቅ አሳላፊው «እዚህ ቤትስ የለም» ብሎ ሊምል ይችላል፤ አልዋሸም። ፎቅ ላይ ያለው ባርማን በበኩሉ የአደጋ ደወል ሲሰማ መደርደሪያው ይገለበጥለታል፤ ጠርሙሱ ሁሉ ቁልቁል ተንሸራቶ ይደቃል። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ቢፈለግ የሚተርፈው ሽታው ነው። የከተማዋ ከንቲባ ጂሚ ዎከር በዚያ ጓዳ ውስጥ የራሳቸው መቀመጫ እንደነበራቸው ይነገራል።

ሕግን ያሞኘ ሰው ታሪክ ምንጊዜም ይጥማል። የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ዘመን (ከ1920 እስከ 1933፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ እኛም የደረሰው በዚሁ መልክ ነው። ባለ ባርኔጣ ወሮበሎች፣ ጃዝ፣ አጭር ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ ከመኪና መስኮት ብቅ የሚል መትረየስ። ፊልሙ ደስ ይላል። እኔ ግን ከፊልሙ ጀርባ ያለውን የገንዘብና የሥልጣን ጉዳይ ላነሳ እፈልጋለሁ። ክልከላው ሌሊቱን መዝጋት አልቻለም፤ የሌሊቱን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ግን ከማዘጋጃ ቤት ወስዶ ለወሮበላ አስረከበው። ማን ይክፈት፣ የማን ቢራ ይቀዳ፣ ማን መድረክ ይውጣ፣ ማን ከበር ይመለስ የሚለውን መወሰን የእሱ ሆነ።

መነሻው ይህ ነው። 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጃንዋሪ 1919 ጸድቆ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1920 ሥራ ላይ ዋለ። ማስፈጸሚያው የቮልስቴድ ሕግ ከግማሽ በመቶ በላይ አልኮል ያለበትን ሁሉ አስካሪ መጠጥ ብሎ ፈረጀ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ይህን ሕግ አልፈርምም ብለው መልሰውት ነበር፤ ኮንግረሱ ግን በላያቸው ላይ አጸደቀው። ሕጉ የከለከለው መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን ነው። መጠጣትን አልከለከለም። አስቀድሞ የገዛ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢጠጣ የሚነካው የለም፤ ለቅዳሴ የሚሆን ወይን ተፈቅዷል፤ ሐኪምም በማዘዣ ወረቀት ውስኪ ማዘዝ ይችላል። የኒውዮርኩ የዬል ክለብ ቀኑ ሳይደርስ ለ14 ዓመት የሚበቃ መጠጥ ጓዳው ውስጥ አከማቸ ይባላል። ክልከላው የቆየው 14 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ድረስ ነውና ሒሳቡን አሳምረውታል።

የሕጉን ደጋፊዎች እንደ ሞኝ መቁጠር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1874 የተመሠረተው የክርስቲያን ሴቶች ኅብረት አባላት ከመጠጥ ጋር የተጣሉት በንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ባል የሳምንት ደሞዙን ጠጥቶ ባዶ ኪሱን ሲገባ፣ ከዚያም ዱላ ሲያነሳ ያዩ ሴቶች ነበሩ። በ1893 ኦሃዮ ውስጥ የተቋቋመው የፀረ መጠጥ ቤት ሊግ ደግሞ ምርጫ እንዴት እንደሚያሸንፉ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1913 የገቢ ግብር ሲጀመር መንግሥት ከመጠጥ ቀረጥ ያገኘው የነበረው ገቢ፣ አንዳንዴ ሲሶ ገደማ የሚደርሰው፣ ያለ እሱ የማይኖርበት ነገር መሆኑ ቀረ። ቀጥሎ ከጀርመን ጋር ጦርነት መጣ፤ ትልልቆቹ ጠማቂዎች እነ ፓብስት፣ ሽሊትዝና ቡሽ የጀርመን ስም ተሸክመው ነበር። ክልከላው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጠጡን በእርግጥ ቀንሶታል፤ በጉበት በሽታ የሚሞተውንም ሰው እንዲሁ። ይህን መካድ አያስፈልግም። ችግሩ የቀረው መጠጥ በማን እጅ ገባ የሚለው ነው።

ሕጉ ሥራ በጀመረበት በዚያው ቀን፣ ጃንዋሪ 17፣ ብሩክሊን የተወለደ አል ካፖን የሚባል ወጣት 21 ዓመት ሞላው። ኮኒ አይላንድ ሃርቫርድ ኢን በሚባል ጭፈራ ቤት አሳላፊና በረኛ ሆኖ ሠርቷል። ዝነኛው የጉንጩ ጠባሳ የመጣው እዚያው ነው፤ አንዲት ደንበኛን ነውረኛ ቃል ተናገራት፣ ወንድሟ በስለት ፊቱን ተለተለው። ወደ ቺካጎው የቢራ ንግድ የገባው እንግዲህ ከጭፈራ ቤት በር ተነስቶ ነው። ደንበኛ ምን ሲያገኝ ብዙ እንደሚከፍል የተማረው በዚያ በር ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ቢራ ያልኩት በምክንያት ነው። ውስኪ ለኮንትሮባንድ ይመቻል፤ አንድ ጀልባ ከካናዳ ወንዝ ተሻግሮ፣ አንድ መርከብ ከኒውዮርክ ጠረፍ ራቅ ብሎ ባሕር ላይ ቆሞ፣ በትንሽ ቦታ ብዙ ገንዘብ ያቀብላል። ቢራ ግን ከባድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ቶሎ ይበላሻል። እዚያው ከተማ ውስጥ ተጠምቆ በጭነት መኪና በየሰፈሩ መዞር አለበት፤ መኪናው ደግሞ በየማዕዘኑ በቆመ ፖሊስ ፊት ያልፋል። ስለዚህ ቢራ ሻጭ ፋብሪካውን፣ ሹፌሩን፣ ሰፈሩንና የሰፈሩን ፖሊስ አዛዥ በአንድነት በእጁ ማስገባት ይኖርበታል። ሕጉ ራሱ ደግሞ ቀዳዳ ትቶለታል። ከግማሽ በመቶ በታች አልኮል ያለው ቢራ ማምረት ይፈቀዳል፤ ያን ለማምረት ግን በብዙ ፋብሪካዎች መጀመሪያ እውነተኛው ቢራ ይጠመቅና አልኮሉ ይወጣለታል። አልኮሉ ሳይወጣለት በጓሮ በር የሚወጣው በርሜል ስንት እንደሆነ የሚቆጥር ማን ነው? እንግሊዝ ከአየርላንዳውያን ወላጆች የተወለደው ኦውኒ ማደን በማንሃተን 10ኛ አቬኑ ላይ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ነበረው። ስሙ «ፊኒክስ የእህል መጠጦች ኩባንያ» ነው፤ ለሕፃናት ምሳ የሚያቀርብ ይመስላል። ቢራውን ጠጪዎቹ «ማደን ቁጥር አንድ» ብለው ያውቁት ነበር።

ቺካጎን በደም የነከራትም ይኸው የቢራ ክብደት ነው። የካፖን አለቃ የነበረው ጆኒ ቶሪዮ ከተማዋን በሰፈር ሸንሽኖ ለየቡድኑ አከፋፈለ። የሰሜኑ ሹም ዲን ኦባኒየን አበባ ሻጭም ነበር። በ1924 የሲበን ቢራ ፋብሪካ ድርሻውን ለቶሪዮ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሸጠለት፤ ፖሊስ ፋብሪካውን ሊወር መሆኑን ቀድሞ ሰምቷል። ቶሪዮ እዚያው ተያዘ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ቀን ሦስት ሰዎች ወደ አበባ መደብሩ ገቡ፤ አንደኛው ለሰላምታ የተዘረጋለትን እጅ አጥብቆ ያዘ፣ ሌሎቹ ተኮሱ። ሁለት ወር ተኩል ሳይቆይ ቶሪዮ ራሱ በጥይት ተበሳሳ፤ ነፍሱ ተረፈችና ንግዱን ለካፖን አስረክቦ ወጣ። የምሽት ቤቶቹ የዚህ ጦርነት የድንበር ምልክት ነበሩ ማለት ይቻላል። አንድ ቤት የማንን ቢራ እንደሚቀዳ ያወቀ ሰው ሰፈሩን ማን እንደሚገዛ ያውቃል።

ወደ መድረኩ እንምጣ። ከክልከላው በፊት የነበረው መጠጥ ቤት ለወንድ ሠራተኛ የተሠራ ነው። ቢራው አምስት ሳንቲም፣ አጠጣጡ ቆሞ፣ ሙዚቃ ከተገኘም አንድ ያረጀ ፒያኖ። ክልከላው ዋጋውን ሰማይ ሰቀለው፤ ለፖሊስ፣ ለተቆጣጣሪ፣ ለዳኛ፣ ለጠመንጃ ያዥ የሚከፈለው ሁሉ ብርጭቆው ላይ ተደመረ። ያን ያህል የሚከፍል ሰው ግን ቆሞ ጠጥቶ አይሄድም። ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ሴት ይዞ ይመጣል፤ የሚያየውና የሚሰማው ይሻል። መጠጡ ራሱም ብዙ ጊዜ ክፉ ስለነበር በሎሚ፣ በማርና በፍራፍሬ ጭማቂ ተሸፍኖ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ባለቤቶቹ ባንድ ቀጠሩ፣ ተወዛዋዥ አሰለፉ፣ መብራት ሰቀሉ።

ጃዝን ወሮበላ ወለደው ማለቴ አይደለም። ከደቡብ ወደ ሰሜን የጎረፈው የጥቁሮች ፍልሰት፣ የሸክላ ኅትመቱና ሬዲዮው ባይኖሩ ኖሮ የካፖን ገንዘብ ብቻውን አንድ ዜማ አያወጣም ነበር። ሉዊ አርምስትሮንግ በ1922 ከኒው ኦርሊንስ ቺካጎ ሲገባ የመጣው በመምህሩ በኪንግ ኦሊቨር ጥሪ ነው። ነገር ግን አሥር፣ አሥራ አንድ ሰው ያለበትን ባንድ ዓመቱን ሙሉ፣ ሌሊት በሌሊት፣ ደሞዝ እየከፈለ የሚያኖር ገንዘብ ከየት መጣ ለሚል መልሱ በአብዛኛው በርሜሉ ውስጥ ነው።

የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነር ግሮቨር ዌለን በከተማዋ 32 ሺህ ሕገ ወጥ መጠጥ ቤቶች እንዳሉ ተናግረዋል። ድብቅ ብሎ መጥራቱ ያስቸግራል። የኒውዮርክ ግዛት የራሷን የክልከላ ማስፈጸሚያ ሕግ በ1923 ስለሻረች ከዚያ ወዲያ ጣጣው የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች ብቻ ሆነ፤ እነሱም ጥቂት ነበሩ፣ ደሞዛቸው ትንሽ፣ እጃቸው ለጉቦ የቀረበ። በእኛ አገር ጠላ ያለው ቤት በራፉ ላይ እንጨት ተክሎ ጣሳ ይደፋበታል፤ መንገደኛ አይቶ ይገባል። ማንሃተን ውስጥ ጣሳው አይሰቀል እንጂ ታክሲ ነጂው፣ ጋዜጣ ሻጩና የማዕዘኑ ፖሊስ ሁሉም ቦታውን ያውቁታል። በበሩ ላይ ትንሽ መስኮት ትከፈታለች፣ ዐይን ብቅ ይላል፣ «እገሌ ነው የላከኝ» ይባላል፣ ይገባል።

ሥራቸውን የሠሩ ተቆጣጣሪዎች አልጠፉም። ኢዚ አይንስታይንና ሞ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ወፋፍራም ጓደኛሞች አንዴ ዓሣ አጥማጅ፣ አንዴ መቃብር ቆፋሪ፣ አንዴ ሙዚቀኛ እየመሰሉ ገብተው 4,932 ሰዎች አስይዘዋል። ጋዜጦች ወደዷቸው፣ ሕዝቡ ሳቀላቸው። በኖቬምበር 1925 ከሥራ ተባረሩ። አለቆቻቸው ትርዒት አበዙ አሉ፤ እኔ ሳየው ግን ከአለቆቻቸው የበለጠ ስም ማትረፋቸው ነው የበደሉት።

የዚህ ሌሊት ንግሥት ቴክሳስ ጊናን ነበረች። ድምፅ አልባ የካውቦይ ፊልሞች ተዋናይት ሳለች፣ ላሪ ፌይ የሚባል የታክሲዎች ባለቤትና የመጠጥ ነጋዴ ኤል ፌይ በተባለው ክበቡ የመድረክ አስተናጋጅ አደረጋት። ደንበኛው ሲገባ በሰው ፊት ሞኝ እያለች ነበር የምትቀበለው፤ እሱም እየሳቀ ይከፍላል። ፖሊስ ደጋግሞ ያዛት። እሷም በበኩሏ ቤቱ የእሷ አለመሆኑን፣ ጠርሙስ አለመሸጧን እየተናገረች ትወጣለች፤ በ1929 ተከሳ ስትቀርብም ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቃት። አንዱ ቤት ሲታሸግ ሌላው በሌላ ስም ይከፈታል። በጊናን ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚታየው ትልቁ ለውጥ ሴቶቹ ናቸው። የድሮው መጠጥ ቤት የተከበረች ሴት በፊት በር የማትገባበት ነበር፤ አሁን ከወንድ እኩል ተቀምጣ ታጨሳለች፣ ትጠጣለች፣ ትጨፍራለች። ሴቶችን ከሰካራም ባል ለማዳን የወጣው ሕግ ሴቶችን መጠጥ ቤት አስገባ። ይህ ለውጥ ከክልከላው ጋር አብሮ አልተሻረም።

የሁለቱ መጨረሻ የዘመኑን ያህል ፈጣን ነው። ፌይን በ1933 የአዲስ ዓመት ቀን ደሞዙ የተቀነሰበት የራሱ በረኛ ተኩሶ ገደለው። ጊናን በዚያው ዓመት ኖቬምበር 5 ቀን ታማ ሞተች፤ ክልከላው የተሻረው ልክ በወሩ ነው።

የዘመኑን ተቃርኖ ከሁሉ በላይ የተሸከመው ግን ሃርለም ውስጥ፣ በሌኖክስ አቬኑና በ142ኛ መንገድ ማዕዘን የነበረው ኮተን ክለብ ነው። በ1920 ቦታውን «ክለብ ደሉክስ» ብሎ የከፈተው የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን ነበር። በ1923 ከሲንግ ሲንግ እስር ቤት የወጣው ኦውኒ ማደን ቦታውን ያዘ፤ ለቢራው መሸጫ ፈልጎታል። ስሙን ኮተን፣ ማለትም ጥጥ፣ አለው፤ ማስጌጫውን የደቡብ የባርነት ዘመን እርሻ አስመሰለው፤ መድረኩ ላይ የጫካ ትርዒት አሠራ። ዘፋኙ፣ ተወዛዋዡና አሳላፊው ጥቁር፤ ደንበኛው ነጭ። ጥቁር ደንበኛ ከበር ይመለሳል። ከኋላ የሚሰለፉት ልጃገረዶች ረጃጅም፣ ከ21 ዓመት በታችና ቆዳቸው ፈካ ያለ እንዲሆን ይፈለግ ነበር። ሃርለም መካከል ሆኖ ለሃርለም ሰው የተዘጋ ቤት። የሰፈሩ ገጣሚ ላንግስተን ሂዩዝ ጨርሶ አልወደደውም፤ የወሮበሎችና የባለጸጋ ነጮች ቤት መሆኑን ያለ ይሉኝታ ጽፏል። በ1925 ለአጭር ጊዜ ታሸገ፤ ወዲያው ተከፈተ።

ዲሴምበር 4 ቀን 1927 ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ እዚያ ገባ። በፊላደልፊያ ከአንድ ቲያትር ጋር ውል ነበረበት፤ ያ ውል የተፈታው የማደን ወገኖች ለቲያትሩ ባለቤት ምርጫውን በማያሻማ ቋንቋ ስላስረዱት ነው እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። ኤሊንግተን እስከ 1931 ቆየ። ክበቡ ትርዒቱን በየጊዜው ይቀይር ስለነበር አዳዲስ ዜማ ይጠየቃል፤ ሬዲዮ ከክበቡ በቀጥታ እያስተላለፈ ድምፁን በመላው አገሪቱ ያደርሳል፤ ደሞዙ የተረጋገጠ ስለሆነ ሙዚቀኞቹ አይበተኑም። ኤሊንግተን የእያንዳንዱን ተጫዋች ትንፋሽና ጠባይ አውቆ ለዚያ ሰው ብሎ የሚጽፍ አቀናባሪ የሆነው በእነዚያ ሌሊቶች ነው። «ሙድ ኢንዲጎ» በ1930 የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። ከእሱ በኋላ ካብ ካሎዌይ፣ ኢትል ዋተርስ፣ ገና በ16 ዓመቷ ከተወዛዋዦቹ ጋር የተሰለፈችው ሊና ሆርን ሁሉም በዚያ መድረክ አለፉ። ኤሊንግተንን የእኛም ሰው ያውቀዋል፤ በ1973፣ በእኛ አቆጣጠር 1966 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፣ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀብሏል፣ ሙላቱ አስታጥቄም ተቀብሎ አስተናግዶታል።

እንግዲህ ለማደን ምስጋና ይገባዋል? ብዙ ጸሐፊዎች ወሮበሎቹን የጥበብ ደጋፊ አድርገው ሲያቀርቡ አነባለሁ። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በሰዓቱ የሚከፍሉ፣ ጉርሻ የማይሰስቱ አሠሪዎች እንደነበሩ መስክረዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን በዚያው ሃርለም፣ በጥቂት መንገዶች ልዩነት፣ በ1926 የተከፈተው ሳቮይ የዳንስ አዳራሽ ጥቁሩንም ነጩንም በአንድ ወለል ላይ ያስጨፍር ነበር። ስሞልስ ፓራዳይዝ የተባለው ክበብ ባለቤቱ ጥቁር ነበር፤ አሳላፊዎቹ ትሪ ተሸክመው ቻርልስተን እየደነሱ ነው የሚያቀርቡት። የቤት ኪራይ የጎደለበት ሰው ደግሞ ፒያኖ ተጫዋች ጠርቶ መግቢያ እያስከፈለ በራሱ ሳሎን ያስጨፍራል። የኮተን ክለብ የቀለም አጥር እንግዲህ ዘመኑ ያስገደደው አይደለም፤ ባለቤቱ የመረጠው ነው፤ የመረጠውም ስለሚሸጥ ነው።

ሌላው ዋጋ ከመድረኩ መውረድ አለመቻል ነው። ቺካጎ ውስጥ ጆ ኢ. ሉዊስ የሚባል ዘፋኝና ቀልደኛ በግሪን ሚል ክበብ ይሠራ ነበር። በ1927 የተሻለ ክፍያ አግኝቶ ራንዴቩ ወደተባለ ሌላ ክበብ ሊዛወር ተነሳ። የካፖን ሰው የነበረው ጃክ መገርን አትሄድም አለው። ሄደ። በኖቬምበር ሦስት ሰዎች ሆቴል ክፍሉ ገብተው ጉሮሮውንና ምላሱን በስለት ቆራረጡት። እንዴት እንደተረፈ እግዜር ይወቅ፤ ለወራት መናገር አቅቶት ነበር፤ በኋላ እንደገና ቀልደኛ ሆኖ ተነሳ፣ ሕይወቱም በ1957 ፍራንክ ሲናትራ የተወነበት ፊልም ሆነ። ካፖን ራሱ አዝኖ 10 ሺህ ዶላር እንደሰጠው ይነገራል። የጥበብ ደጋፊነቱ እንዲህ ያለ ነበር። ግሪን ሚል ዛሬም ክፍት ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ በቅድሚያ የሚታየው የካፖን መቀመጫ ነው። ስለ ሉዊስ ጉሮሮ የሚጠይቅ ጥቂት ይመስለኛል።

እዚያው ቺካጎ ውስጥ ኧርል ሃይንስ በግራንድ ቴራስ ክበብ በዲሴምበር 1928 ፒያኖው ፊት ከተቀመጠ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ከረመ፤ ክበቡ በካፖን ወገኖች ጥላ ሥር ነበር። አርምስትሮንግ በሰንሴት ካፌ ሲጫወት ቤቱን ይመራ የነበረው ጆ ግሌዘር ከ1935 ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ ሆነ፤ እስከ 1969 ማለትም ግሌዘር እስኪሞት። ውሉን፣ ጉዞውን፣ ገንዘቡን የሚይዘው ግሌዘር፣ መለከቱን የሚነፋው አርምስትሮንግ። አርምስትሮንግ በዚህ ደስተኛ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። እኔም አልከራከረውም፤ ነገር ግን አንድ ጥቁር ሙዚቀኛ ያለ ጉልበተኛ ጠባቂ መሥራት በማይችልበት አገር ደስታው ምን ያህል ምርጫ እንደነበረ ማሰብ አይከፋም።

ከክበቦቹ ውጭ የነበረው ሌሊት ደግሞ መብራት አልነበረውም። መንግሥት ለፋብሪካ የሚውለው አልኮል እንዳይጠጣ መርዝ እንዲቀላቀልበት ያስገድድ ነበር፤ ወሮበሎች ያን አልኮል ሰርቀው፣ መርዙን በከፊል አውጥተው ይሸጡታል። በ1926 መገባደጃ መርዙ እንዲጠነክር ተወሰነ። በዚያ የገና ሰሞን የኒውዮርክ ሆስፒታሎች በተመረዙ ሰዎች ተጨናነቁ፤ ብዙዎች ሞቱ። የከተማዋ ዋና የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ዶክተር ቻርልስ ኖሪስ መርዙ ማንን እንደሚገድል እያወቀ የሚጨምር መንግሥት ከኃላፊነት አያመልጥም ብለው በአደባባይ ከሰሱ። የሚሞቱት ጥሩ መጠጥ መግዛት የማይችሉ መሆናቸውንም አልደበቁም። በ1930 ደግሞ የዝንጅብል መድኃኒት ተብሎ ይሸጥ የነበረ፣ አልኮል የበዛበት ፈሳሽ በአገሪቱ ደቡባዊና መካከለኛ ምዕራብ ግዛቶች የሺዎችን ድኾች እግር ሽባ አደረገ። በቁጥር 21 ምድር ቤት ግን ፈረንሳይ የተጠመቀው ወይን በክብር ተቀምጧል።

የወሮበሎቹ ውድቀት እንዴት መጣ? ፊልሙ ኤሊየት ኔስ የሚባለውን የፌዴራል ተቆጣጣሪ ያሳየናል። ኔስ የቢራ ፋብሪካዎችን ሰብሯል፤ ዝናው ግን በአብዛኛው በ1957 ከሞተ በኋላ በወጣው መጽሐፍና ተከትሎ በመጣው ቴሌቪዥን የተሠራ ነው። የካፖን መጨረሻ የተዘጋጀው በአንዲት ሴት የሕግ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሜብል ዎከር ዊለብራንት ከወንጀል የተገኘ ገቢም ግብር ይከፈልበታል የሚለውን ክርክር ገፍተው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት፤ ፍርድ ቤቱም በ1927 ሰለቫን በተባለ መጠጥ ነጋዴ ጉዳይ ተስማማ። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 በቺካጎ ኖርዝ ክላርክ ጎዳና ጋራዥ ውስጥ ሰባት ሰዎች ግድግዳ ላይ ተደርድረው በመትረየስ ሲገደሉ፣ ከገዳዮቹ ሁለቱ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ነበር። ካፖን ቢጠረጠርም በዚያ ግድያ እስከ ዛሬ የተፈረደበት ሰው የለም። ካፖን በ1931 የ11 ዓመት እስር የተፈረደበት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ግብር ሳይከፍል ቀርቷል ተብሎ ነው።

ክልከላውንም የገደለው ገንዘብ ነው። በ1929 ኢኮኖሚው ሲወድቅ መንግሥት የጣለው የመጠጥ ቀረጥ ትዝ አለው፤ ሥራ አጡም በዛ። ፖሊን ሴቢን የምትባል ባለጸጋ ወይዘሮ በዚያው ዓመት ሴቶችን አስተባብራ ክልከላው ይሻር ስትል ዘመቻ ጀመረች፤ ሕጉን ያመጣው የእናቶች ድምፅ ሕጉን ለመሻርም ተሰማ። ቀለል ያለ ቢራ ኤፕሪል 7 ቀን 1933 ተፈቀደ፤ ዩታ 36ኛዋ ግዛት ሆና ዲሴምበር 5 ቀን ስታጸድቅ 18ኛው ማሻሻያ ተሻረ። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ታሪክ ሙሉ በሙሉ የተሻረ ማሻሻያ እሱ ብቻ ነው።

ወሮበሎቹ በማግሥቱ አልጠፉም። ገንዘቡን፣ የፖሊሱን ትውውቅና የጭነት መኪናውን ይዘው ወደ ቁማርና ወደ ሠራተኛ ማኅበራት ዞሩ። ማደን በ1935 ወደ አርካንሶ፣ ሆት ስፕሪንግስ ሄዶ እስከ 1965 በሰላም ኖረ። ኮተን ክለብ በ1935 የሃርለም ሁከት ከደረሰ በኋላ ወደ ብሮድዌይ ተዛውሮ በ1940 ተዘጋ።

የሌሊቱ በር ላይ ግን አዲስ ጠባቂ ቆመ። ኒውዮርክ በ1926 ሙዚቃና ዳንስ ያለበት ቤት ሁሉ ልዩ ፈቃድ እንዲያወጣ አዝዛ ነበር፤ ከ1940 ጀምሮ ደግሞ ፖሊስ ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ መታወቂያ ይሰጥ፣ ሲፈልግም ይነጥቅ ጀመር። ቢሊ ሆሊደይ መታወቂያዋን ተነጥቃ በከተማዋ ክበቦች እንዳትዘፍን ተደረገች፤ ቴሎኒየስ መንክ በ1951 ተነጥቆ ለስድስት ዓመት ያህል በገዛ ከተማው መጫወት አልቻለም። መታወቂያው የቀረው በ1967 ነው። የ1926ቱ የዳንስ ፈቃድ ሕግ የተሻረው ደግሞ በ2017 ነው።